ወይዘሮዋን ለሁለት የከፈለው ፈላጭ

ሰኞ፣ ሰኔ 9፣ ከት/ቤት መልስ

መብራት አለ። ላፕቶፑ እንደ ምድጃ ግሏል። ደብተሬ፣ ዛሬ ቃል ፈለጥኩ። እንጨት አላልኩም፣ ቃል። የጻፍኩት ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ስሙ «ፈላጭ» ነው። ጽሑፍ ትሰጠዋለህ፣ ባዶ ቦታ ባገኘ ቁጥር ይቆርጣል፣ ቃላቱን ደርድሮ ይቆጥራል። አራት መስመር ኮድ ብቻ። «እኔ ሐይቅ ነው የምኖረው» ብዬ ሰጠሁት። 4 አለ። ዘለልኩ።

ምሳ ላይ ዝላዩ ቀረ። ደሴ የክረምት የኮድ ስልጠና አለ፣ ሁለት ሳምንት፣ አክስቴ ቤት እያደርኩ። ፎርሙ እስከ ዓርብ መግባት አለበት። አባቴ እንደ ልማዱ «አባባ ካሉ» ብሎ ወደ አያቴ ገፋኝ። አባባ ደግሞ ውጫሌ ፍ/ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ የጻፉ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ሌላ አማርኛ የሚያውቅ ፍጡር የለም፤ ማሽንማ ጭራሽ።

ተወራረድን። ከድሮ ቅጂዎቻቸው አንድ ገጽ መዘዙ፦ የጎረቤት አህያ ባቄላዋን የበላባት የወ/ሮ ዘሃራ አቤቱታ። ቃሉን በሙስበሃ፣ በሶላት መቁጠሪያቸው፣ ቆጠሩት፣ ለአንድ ቃል አንድ ፍሬ። ዘጠና ዘጠኙን ሁለቴ ዞሩ፣ አሥራ አራት ጨመሩ። 212። ማሽንሽ ይህን ካለ ደሴ፣ ካላለ ክረምቱን ከእኔ ጋር ቁጭ አሉ። ከእሳቸው ጋር ክረምቱን ሙሉ! ያ ረቢ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ገጹን እንዳለ ተየብኩት። ፈላጭ ሮጠ። ውጤት፦ 1።

አባባ ሳቅ ገደላቸው። «ሠላሳ ዓመት ጽፌ ጽፌ አንዲት ቃል! በይ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።»

ጥፋቱ የብዕራቸው ነው። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ይሰካሉ እንጂ ቦታ አይተዉም። ወረቀት ይባክናላ! ለፈላጭ ገጹ በሙሉ አንድ ግንድ ሆነበት።

የኮምፒውተር ቲቸራችንን ጠየቅኩት። ሁለት ነጥብ ዱሮ ቀረ፣ በስፔስ ቀይረሽ ተይቢው አለ። ቀላል ነው። አባባ ያለ መነጽር ስክሪን አያዩም፣ መነጽሩን ደግሞ ማን እንደሚደብቅ፣ ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ። ግን ያ የእሳቸውን ጽሑፍ ማንበብ ሳይሆን ማረም ነው። ተውኩት።

ከዐሥር ሰዓት በኋላ። ኮዱ ላይ «ሁለት ነጥብም ስታገኝ ቁረጥ» ብዬ ጨመርኩ። ውጤት፦ 1። እንደገና 1! ፈጠጥኩ፣ ኪቦርዱን ገላመጥኩ፣ ላለቅስ ደረስኩ። ለካ ኮዱ ውስጥ የከተትኩት የእንግሊዝኛውን ነው። ይኼ : ነው፣ የእኛ ፡ ነው። ለዓይን መንትያ፣ ለማሽን ባዳ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ቀየርኩት። 230። በዛ!

አሥራ አንዱ ባዶ ናቸው። አራት ነጥብን እንደ ሰው ሁሉ ሁለት ነጥብ ሁለቴ እየመታሁ ጽፌው ፈላጭ በመሃል ያለውን ባዶ ቃል ብሎ ቆጠረ። ለአባባ ብነግራቸው ባዶ ቃል የሚቆጠረው ቀበሌ ስብሰባ ላይ ብቻ ነው አሉ። ባዶውን ጣልኩ። 219።

የቀሩት ትርፍ ሰባቱስ? ዝርዝሩን አነበብኩላቸው። «ወ» አልኩ። «ሮ» አልኩ። አስቆሙኝ።

«አንቺ ሐያት፣ ሴትዮዋን ለሁለት ከፈልሻት እኮ! አህያው ባቄላ በላባት፣ አንቺ ራሷን!»

ለካ ሁለት ነጥቡን ስቀይር እዝባሩም (/) ላይ ቁረጥ ብዬው ነበር። ወ/ሮ አራት ጊዜ፣ ፍ/ቤት አንዴ፣ ዓ/ም አንዴ። ስድስት ስንጥቅ፤ ሰባተኛዋን ገና አላገኘኋትም። ነገ እገጥማቸዋለሁ። ወ/ሮ ዘሃራ፣ አፉ በይኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

213።

አንድ! በአንዲት ቃል ክረምቴ ሊቀር! አባባ ሙስበሃቸውን አንጠልጥለው ፈገግ አሉ። በጣም ያሳዝናል አሉ። ምንም አላዘኑም።

ዝርዝሩንና ቅጂውን ጎን ለጎን አድርጌ ከላይ ጀመርኩ። በጣቴ፣ ቃል በቃል። ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ አገኘኋት፦ ሥነ፡ሥርዓት። አባባ በሙስበሃ አንድ ፍሬ ሰጥተዋታል፤ በብዕር ግን መሃሏ ላይ ነጥብ ሰክተዋል። አሳየኋቸው። መነጽር አምጪ አሉ። (አመጣሁ። ከየት እንዳመጣሁ አልጠየቁም።)

አጥብቀው አዩ። ከዚያ መሪጌታ ይጠሩ አሉ። መሪጌታ ጎረቤታችን ናቸው፣ ከአምባሰል የወረዱ፣ የአባባ ወዳጅም ባላንጣም። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ቃሏ አንድ ናት ብለው ፈረዱ። አለቀልኝ ስል ወደ አባባ ዞሩ።

«ነጥቡን የሰካኸው ግን አንተ! ልጅቱ ምን ታድርግህ?»

«እንግዲያ ሁለት ናት» አሉ አባባ በእልህ።

ሁለት ናት፣ አንድ ናት፣ እስከ ከሰዓቱ የአስር ሶላት። ሁለት ከሆነች 213 ልክ ነው፤ አባባ በእልህ ሲሟገቱ እኔን አሸናፊ እንዳደረጉኝ ያወቁት ለሶላቱ ውዱእ ሊታጠቡ ሲነሡ ነው። ቆም አሉ። ማሽኗ እጄን ከራሴ በላይ አነበበችው አሉ። ቀስ ብለው። እኔም አልቀለድኩም፣ ወላሂ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

የፈቃድ ደብዳቤዬን ራሳቸው ጻፉ። ደብተሬ፣ ብታየው! በቃልና በቃል መካከል ቦታ ትተዋል። እንዴት ያለ ቦታ፣ በግ ያሳልፋል። ማሽንሽ እንዳትቸገር ብዬ ነው አሉ። መጨረሻው መስመር ላይ ግን እጃቸው ረስቶ፦ «አላህ፡ዕውቀት፡ይጨምርላት»።

ፈላጭን ሰጠሁት። ቦታውንም ነጥቡንም አንድም ሳይስት ለየ። አባባ ሙስበሃቸውን አልነኩም፤ ቁጥሩን ከአፌ ተቀበሉኝ።

ቲቸር ፎርሙን ሲቀበለኝ ኮዱን አየና ያቺን የሁለት ነጥብ መስመር አውጪያት፣ የሚጠቀም የለም አለ። አለ እንጂ አልኩት። አንድ ሰው። ወስኛለሁ፣ አትወጣም።

ደብተሬ፣ አንተም ልመዳት፦ ደሴ፡እሄዳለሁ።