ለደርበው የተደገሰ ተዝካር

ላሊበላ፣ ጥር ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለእኅቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? ሙሉሃብትስ ወገቡ ተሻለው? ገብሱ ሳይበላሽ ጎተራ ገባላችሁ ወይ? ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የገና ምእመን መጥቶ፣ አክብሮ፣ ተመለሰ፤ አገሩ አሁን ጭር ብሏል።

ይህን ወረቀት ለእማሆይ ወለተ ሐና ነው የሰጠኋቸው። ከአሸተን ማርያም ወርደው ወደ ብልባላ ሲያልፉ እኔ ዘንድ አረፉ። ምን እንደያዘ አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። ልጆቹን አንብቡልኝ እንዳትያቸው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እኔን ቀድመሽ ፊደል ለይተሽ ስትስቂብኝ ነበር፤ ዛሬ ያ ትምህርት ይጠቅምሻል። እኔም ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን አጉልቼ ነው የምጽፍልሽ። ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

አሁን ቁጭ በይ። ደርበው በሕይወት አለ። ልጅሽ አልሞተም። ድምፁን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አብዳለች እንዳትይኝ፤ እንዴት እንደሰማሁ ልንገርሽ።

ልጄ ቢሆነኝ በሬዲዮ ነገር እንዴት እንደነበረ ታውቂያለሽ። ሌላው ሰው ዜና ለመስማት ይከፍታል፤ እሱ የሚፈልገው ጣቢያውን ነበር። ምን አሉ ሳይሆን ከየት መጡ ነው ጭንቀቱ። ከወልድያ ያችን ጥቁር ሬዲዮ ገዝቶ የመጣ ጊዜ ከጣራው ጫፍ እስከ ጥዱ ዛፍ ድረስ ሽቦ ዘረጋ። ልብስ ማስጫ መስሎኝ ነጠላዬን ባሰጣበት እሪ አለ። ካርቱም ገባች፣ ናይሮቢ ገባች፣ ሞስኮ ገባች እያለ እንደ እንግዳ ይቀበላቸዋል። ጎረቤቴ ስሜነሽ፣ እኩዮቹ ሚስት ሲፈልጉ ያንቺ ልጅ ንፋስ ይፈልጋል ብላ ብትተርበው፣ ንፋስ ጥሎሽ አይጠይቅም እታለም፣ አላት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ኤፍ ኤም የሚሉት መስመር ነበር። ሬዲዮው ላይ ተጽፏል እንጂ በዚያ መስመር የሚናገር በአገራችን የለም፤ ከዳር እስከ ዳር ሽሽሽ ብቻ ነው። እሱ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሬዲዮውን ይዞ አሸተን ላይ ይወጣና ያንን ባዶ መስመር ሲያስስ ይውላል። አንድ ሰኔ እየሮጠ ወረደ። የዐረብ ዘፈን ሰማሁ አለኝ፤ ከባሕሩ ማዶ ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ጉርሻ እስኪዋጥ ያህል ጥርት ብሎ መጣና ጠፋ። ምን ይላሉ? ብዬ ብጠይቀው፣ እኔ እንጃ እማ፣ ግን መጥተው ነበር አለኝ። በደስታ ምሳውንም አልበላም።

እሱና ደርበው ከገበያ ተይዘው ለውትድርና ከሄዱ ወዲህ ሬዲዮውን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። በኋላ ስሜነሽ ጆሮዬ ሥር መጣችና፣ በሰሜን ያሉት ተዋጊዎች የማረኳቸውን ወታደሮች ስም በሬዲዮ ይጠራሉ፣ ምርኮኞቹም ለየእናቶቻቸው ሰላምታ ይልካሉ አለችኝ። ማን ነገረሽ? ብላት ተቆጣችኝ። ያንቺ ልጅ ያን ሁሉ ሽቦ የዘረጋው ለጌጥ ነው? ነይ ይልቅ ክፈቺው አለችኝ።

ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር አላውቅበትም ነበር። ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ማዞሪያውን በጣቱ ጫፍ ይነካዋል እንጂ አይጠመዝዘውም፤ ፉጨቱ ሲቀጥን ትንፋሹን ይይዛል። እኔም እንደሱ አደረግሁ። መጀመሪያ አንዱን ሳገኝ ቻይና ነው፣ ሌላውን ሳገኝ ቁርአን ነው። የፈለግነውን ጣቢያ ስናገኘው ደግሞ ሰው እንዳይሰማው በላዩ ላይ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነገር ይለቀቅበታል። ያም ሆኖ የሰው ድምፅ ከሥሩ ይሰማል። ያን ዕለት መርፌው የቆመበት መስታወት ላይ የጧፍ ሰም ጠብ አደረግሁበት፤ ከዚያ በኋላ አልጠፋኝም። የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አውለዋለሁ። ስሜነሽ፣ ድንጋይ እንደ ብቅል የምታሰጣ ሴት አንቺን አየሁ እያለች ትስቅብኛለች።

እንዲህ ሆነን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በራችንን ዘግተን፣ ጋቢ ተከናንበን፣ ሬዲዮው ላይ ተደፍተን እንሰማለን። የጎጃም ልጅ ይጠራል፣ የባሌ ልጅ ይጠራል፣ የጅማ ልጅ ይጠራል። እናቱን የማላውቃትን ሁሉ፣ እሰይ እኅቴ፣ እላታለሁ። ስጠብቅ የነበረው ግን አንድ ስም ነው። አንቺን ደርበው ሞቷል ብለው አርድተውሽ ነበርና የእሱን ስም እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ባለፈው እሑድ ተናጋሪው፣ ደርበው ሙሉሃብት፣ ላስታ፣ ብልባላ አለ። ስሜነሽ ክንዴን በጥፍሯ ያዘችኝ። እኔ ግን ስም ከስም ይገጥማል አልኩ። ወዲያው ራሱ ተናገረ። ስምሽን ከነአባታችን ስም ጠራ። እግሬን ቆስዬ ነበር፣ አሁን ድኗል፣ እየሄድኩበት ነው አለ። ቡሬውን በሬ እንዳትሸጡት አለ። አባዬ ደግሞ እኔ የለሁም ብሎ ለዚያ ለታናሽ ወንድሜ እርፍ እንዳያስጨብጠው፣ ትልሙን እንደ እባብ ያጣምምበታል ብሎ ሳቀ። ሳቁን ታውቂው የለም? በአፍንጫው የሚስቀውን። ያንን ሳቅ ሌላ ማን ይስቀዋል?

ከዚያ ድምፁ ዝግ አለ። ለአክስቴ ንገሩልኝ አለ። የቢሆነኝን ማተብ እኔ አንገት ላይ አስሬዋለሁ፣ ከራሴ ማተብ ጋር ነው ያለው፣ አይጠፋም በሏት አለ። ይህን ብሎ አበቃ። ቀጥሎ የሌላ ሰው ስም ተጠራ።

ስሜነሽ፣ ልዝጋው? አለችኝ። ተዪው፣ የቀሩትም እናት አላቸው አልኳት። እስኪያበቃ ሰማን። ትናንትም ደግመው አሰሙት፤ አንድ ቃል አልተለወጠም። እርግጠኛ ሳልሆን እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ነው እስከዛሬ የቆየሁት።

ያ ማተብ በክርስትናው ዕለት ነው የታሰረለት። ሲያረጅ በላዩ ላይ አዲስ እናስርለታለን እንጂ አንገቱ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ደርበው ጨዋ ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሽማግሌ ተልኮ፣ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ በንፋስ አይነገርም። እሱም አልተናገረውም። በደንብ አሳድገሽዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ተዝካሩ የፊታችን ቅዳሜ ነው ብለሽ ልከሽብኛል። ሰው ጠርተሻል፣ ጠላው ተጠንስሷል። ቀርቷል ብትዪ፣ መኖሩን ከማን ሰማሽ? ይሉሻል። ያንን ጣቢያ ሲሰማ የተገኘ ሰው ምን እንደሚደርስበት አንቺም ታውቂያለሽ፣ ስሜነሽም ልጆች አሏት። ይደረግ ብትዪ ደግሞ በሕይወት ያለ ልጅ ከሙታን ጋር ስሙ ሊጠራ ነው። እሱን አንቺም አትችዪው፣ እኔም አልችለው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ለሙሉሃብት ንገሪው፤ የከብቱን ሥራ ትቶ እንዳይጨፍር ግን አደራ። ከዚያ ለነፍስ አባትሽ በኑዛዜ ንገሪያቸው፤ የኑዛዜ ነገር ከእሳቸው አይወጣም። ድግሱ እንዳለ ይቀጥል። ቅዳሜ ሲጸልዩ ግን የደርበውን የክርስትና ስም እንዳይጠሩ። ጸሎቱ ያለ ስም አይሆንምና ወልደ ሰንበት ብለው ይጥሩ። የቢሆነኝ የክርስትና ስሙ ነው። በብልባላ የሚያውቀው የለም፤ ሰው ሁሉ የደርበው ይመስለዋል።

ድግስሽን ቀማችኝ ብለሽ አትቀየሚኝ።

እኔም ዓርብ በበቅሎ እመጣለሁ። እስከዚያ ያልቆየሁት አንድም ለነፍስ አባትሽ ቀድሞ መነገር ስላለበት ነው፣ አንድም አንቺ አንዲት ሌሊት እንኳ በከንቱ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው። ስመጣ ከበር ላይ ጀምሬ አለቅሳለሁ። አክስት ነኝና ለምን ደረቷን መታች የሚለኝ የለም። እኅቷን ምንኛ ብትወድ ነው ለእኅቷ ልጅ እንዲህ የምትሆነው ይላሉ፤ ይበሉ። ያንቺ ሥራ ከኔ ይከብዳል። ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጣል አድርጊ፣ ደስታሽን ሰው እንዳያይብሽ። ሲያስቸግርሽ ትከሻዬ ላይ ተደፊ። ሁለታችንም እንነቀነቃለን፤ የማንኛችን ለቅሶ የቱ እንደሆነ የሚለየው አይኖርም።

ደርበውን እግሩን እንቅፋት ሳይመታው አምላክ ደጅሽ ያድርስልሽ። ቡሬው በሬ ይቆየው። ሙሉሃብትን በጤና ያኑርልሽ፤ ቤትሽ ሰው አይጉደልበት። የላሊበላ ጸሎቱ ካንቺ አይራቅ።

ታላቅ እኅትሽ፣
የደርበው አክስት