አዞው የበላበትን ሳህን እኛ ስለምናጥብ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሴናተር ታልማጅ ሂግደን
በፍሎሪዳ ግዛት ምክር ቤት የታሎካ ካውንቲ ሕዝብ እንደራሴ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በምርጫ ሰሞን ብቻ ከጋጣዋ የምትወጣው ነጭ ፈረስዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ቨርዲ ማክሌንደን፣ በሎክሳ ሐይቅ ዳር ቅቅል ኦቾሎኒ የምሸጠው ባልቴት፣ ትንኙ የተረፈኝን ደም እስኪጨርስ ድረስ ደህና ነኝ። እናትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ብለው ጨው የበዛበትን መርጠው ይገዙኝ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ጨው ቢበዛበት ለቤተሰቡ እንግዳ ነገር አይሆንም ብዬ ነው መጻፌ።

የጻፍኩት ላመሰግንዎ ነው። ውለታ የተዋለለት ሰው ዝም ካለ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። የእርስዎ ውለታ ደግሞ አንድ ሁለት ስላልሆነ፣ እንዳይደባለቅብዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ፣ ከንጉሥ አዞ ነፃ ስላወጡን።

የሳቂው አዞ ኩባንያ የመዝናኛ ፓርኩን ከሠራ ጀምሮ በመሬቱ ላይ የራሱ ትንሽ መንግሥት እንደነበረው እኔም እርስዎም እናውቃለን። ልዩ የግብር ወረዳ ይባል ነበር። ግብሩን ራሱ በራሱ ላይ ይጥላል፣ ራሱ ይከፍላል፣ በወረዳው ስም ቦንድ እየሸጠ ይበደራል፣ በብድሩ መንገድና የፍሳሽ ማጣሪያ እንዲሁም ያንን ጎረቤት ከተማ ድረስ የሚታይ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ይሠራል፤ ዕዳውንም በወረዳው ግብር በኩል ከራሱ ኪስ ይመልሳል። እኛ ከአጥሩ ውጭ ሆነን እናማዋለን። ካማነው በኋላ አምባዛችንን ጠብሰን በልተን እንተኛለን። ከሐሜቱ በቀር ያወጣነው ነገር አልነበረም።

ከዚያ የባርኔጣዎ ነገር መጣ። በእንጆሪ በዓል ሰልፍ ላይ የኩባንያው አዞ፣ ማለትም የአዞ ልብስ የለበሰው ሠራተኛ፣ በየዓመቱ ከተከበሩት ሰዎች የአንዱን ባርኔጣ በአፉ ነጥቆ ይሮጣል፤ ባለባርኔጣው እንደ ሕፃን ያባርረዋል፣ ሕዝቡ ይስቃል፣ ባርኔጣውም ከአንድ ሣጥን እንጆሪ ጋር ይመለሳል። ዳኛው ተነጥቀዋል፤ ፓስተራችን ተነጥቀው እስከ ድልድዩ ድረስ ሮጠዋል፣ ያውም በዚያ ወገባቸው። እርስዎ ግን አላባረሩም። መላጣዎን ፀሐይ እያነደደችው ቆመው ቀሩ፤ ቴሌቪዥኑም አላዘነልዎትም። እንጆሪውና ባርኔጣው ቤትዎ ድረስ ሲመጡልዎ በሩን ዘጉ። የእንጆሪው መከር ሳያልፍ ልዩ ወረዳውን የሚያፈርሰው ሕግ ጸደቀ፤ ስለ ነፃነት፣ ስለ እኩልነትና ስለ ሠርቶ አደሩ ሕዝብ የተናገሩትን ንግግር እኔም በሬዲዮ ሰምቼ አጨበጨብኩ። ስለ ባርኔጣ አንድም ቃል አልነበረበትም።

፪ኛ፣ ስለ ድግሱ።

ድሉን ለማክበር በሐይቁ ዳር የጣሉልን የአምባዛ ጥብስ ግብዣ እስካሁን ይወራል። እጅዎን ይባርከው። የበቆሎ ዱቄት ድብልብሉ ተጠብሶ እስኪተርፍ፣ ቢራው በረዶ ውስጥ ተቀብሮ፣ ከወረቀት የተሠራ አዞም ተቃጥሎ፣ ያልጨፈረ ሽማግሌ አልነበረም። ያን ዕለት ደስታችንን ለማደፍረስ የደፈረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም የሞተር ጀልባ ጠጋኙ ኢላዲዮ ፉንዶራ ነው። ሳህኑን እንደያዘ ወደ እርስዎ ጠጋ ብሎ፣ ሁላችንም እየሰማን፦

«ሴናተር፣ ወረዳው ብድር ነበረበት አይደል? ወረዳው ከሌለ ዕዳውን ማነው የሚከፍለው?» አለዎት።

እርስዎም ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ኢላዲዮ፣ ዓሣህ እየቀዘቀዘ ነው» አሉት።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ አምባዛው ደግሞ እውነት ለመናገር ጥሩ ነበር። ኢላዲዮ ብቻ ሳህኑን ይዞ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ፣ ሚስቱም ጠያቂ ነኝ ብለህ ሰው ፊት አዋረድከኝ እያለች ስትወቅሰው አመሸች።

፫ኛ፣ ለኢላዲዮ ጥያቄ መልስ በየቤታችን ስለላኩልን።

መልሱ በነሐሴ ሙቀት መጣ፤ የቤትና የመሬት ግብር ማሳሰቢያ ይባላል። ለካ በግዛታችን ሕግ ልዩ ወረዳ ሲፈርስ ንብረቱም ዕዳውም የሚተላለፈው ለካውንቲው ነው። ካውንቲው ደግሞ ማነው? እኔ ነኝ። ኢላዲዮ ነው። እስከ ድልድዩ የሮጡት ፓስተር ናቸው። አዞው የበላበት ሳህን እኛ እንድናጥበው በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ዕዳ ከሜዳ የሚሉት ይህ ነው፤ ሜዳው ደግሞ የአዞው ነበር።

እዚህ ላይ ቀልዱን ለአፍታ ላቁምልዎ። ማሳሰቢያውን ሳነብ የኦቾሎኒው ድስት እሳት ላይ ተረስቶ አረረ። ቤቴን ባሌ ኦርቪልና አባቱ ናቸው ከረግረጉ ግንድ እየጎተቱ የሠሩት፤ ወለሉ ላይ ኦርቪል ሲሠራ እጁን የቆረጠበት የደም ምልክት እስካሁን አለ፣ ስወለውለው ዞሬ ነው የማልፈው። የተጨመረብኝ ግብር በኦቾሎኒ የሚገፋ አይደለም። ካልከፈልኩ ቤቱ ይሸጣል። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ባሌን ስቀብር እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም፣ ያን ጊዜ የምገባበት ቤት ነበረኛ።

ደግነቱ ብዙም ሳልቆይ የሚያጽናና ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከሳቂው አዞ ኩባንያ ነው። «ግብር ለከበዳቸው ውድ ጎረቤቶቻችን» በሐይቁ ዳር ያለውን ቤት በጥሩ ዋጋ ሊገዛ ፈቃደኛ መሆኑን ይገልጻል፤ ወረቀቱ ራስጌ ላይ አዞው ጥርሱን በሙሉ አሳይቶ ይስቃል። መቼም ዕዳው ከጫንቃው የወረደለት ሰው እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ ይተርፈዋል። አዞውን ሊቀጡልን ወጥተው ቤታችንን በሳህን እንዳቀረቡለት ሳስብ፣ ባርኔጣዎን የነጠቀው ዕለት ባርኔጣውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የነበረውንም ነገር ይዞ ሄዶ ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ።

፬ኛ፣ ባለፎቅ ስላደረጉኝ።

ዕዳውን የምከፍል ከሆነ ንብረቴን ልየው ብዬ የእሑድ ቀሚሴን ለብሼ፣ የኦርቪልን አሮጌ ፒክአፕ አስነስቼ ወደ መኪና ማቆሚያው ፎቅ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ልጅ ሠላሳ ዶላር ጠየቀኝ። ማሳሰቢያውን አሳየሁት፤ ይህ ሕንፃ አሁን የካውንቲው ነው፣ የእኔ ነው፣ በራሴ ፎቅ ላይ መኪናዬን ላቆም ነው አልኩት። የተባረከ ልጅ ነው፣ ስልክ ደውሎ አለቃውን ጠይቆልኝ ተመለሰ።

«እናቴ፣» አለኝ፣ «ሕንፃው የእናንተ ነው፤ ክፍያውን የሚሰበስበው ግን ኩባንያው ነው። ወረዳው ሳይፈርስ በፊት የተፈረመ ውል ነው አሉ፤ እርስዎም እኔም ሞተን ገና አያልቅም።»

ሠላሳ ዶላር ከፍዬ ገባሁ። አምስተኛው ፎቅ ላይ ወጥቼ የገዛ ሲሚንቶዬን ስመለከት ቆየሁ። ጥሩ ሲሚንቶ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ያፈስሳል፣ እርሱንም እኛ ነን የምናሳድሰው።

፭ኛ፣ ይህ ዋናው ነው፤ ወንበሩን ስላፈረሱልን።

የባሌ እኅት ልጅ ራንስን ያውቁታል፤ ባያውቁት እንኳ እርሱ ያውቅዎታል። የአዞውን ልብስ የሚለብሰው እርሱ ነበር። አዎ፣ እርሱ ነው። ከባርኔጣው በኋላ ኩባንያው ከእርስዎ ጋር ለመታረቅ ብሎ ከሥራ አባረረው፤ እርስዎ እንዳልታረቁለት ግን ሁላችንም አይተናል። የማያውቁት አንድ ነገር ቢኖር ራንስ የልዩ ወረዳው የቦርድ አባልም እንደነበረ ነው። የወረዳው ደንብ ቦርድ የሚቀመጠው በወረዳው ውስጥ መሬት ያለው ሰው ነው ይል ስለነበር፣ ኩባንያው ምርጫ በደረሰ ቁጥር ለታመኑ ሠራተኞቹ እያንዳንዳቸው ቁራሽ ረግረግ በስማቸው ያስመዘግብላቸው ነበር። ራንስም መሬት ተሰጠው፣ ተመረጠ፣ ስብሰባ ገባ፣ ሳንድዊች በላ፣ እጅ አውጣ ሲሉት እጁን አወጣ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ራንስ ግን ከሳንድዊቹ በቀር ምንም ባለመብላቱ አልተቆጨም፣ መሬቱንም ረስቶት ነበር፤ ኩባንያውም በወንበሩ ሌላ ሰው ሳይተካ ወረዳው ፈረሰ።

ያስታወስኩት እኔ ነኝ። ከፎቁ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ፣ የመኪናው መውጫ መንገድ ድሮ ራንስ አንድ ጊዜ ወስዶ «አክስቴ፣ ርስቴ ይኸውልሽ» ብሎ እየሳቀ ያሳየኝ የረግረግ ቁራሽ ላይ መሆኑን አየሁ። ያን ጊዜ ጉንጭ የማይሞላ ውኃና አንድ ጉቶ ብቻ ነበር። በኋላ ኩባንያው ማን ይጠይቀኛል ብሎ አፈር ሞልቶ መንገዱን አሳለፈበት። ጉቶው ዛሬም ከመንገዱ ዳር አለ። ወደ ቤት ስመለስ መኪናውን እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም።

እንግዲህ እኔና ራንስ ከመውጫው ላይ፣ ከጉቶው እስከ አጥሩ፣ የጀልባ ገመድ ዘረጋን። የኦቾሎኒዬንም ድስት ከጎኑ ጣድኩ። መውጫ አምስት ዶላር ነው፤ የታሎካ ካውንቲ የግብር ማሳሰቢያ ላሳየ ሰው ነፃ። የሸሪፉ ምክትል ተጠርቶ መጣ፤ የራንስን የመሬት ካርታ ገልብጦ ገለባብጦ አየና፣ የሰው መሬት ነው፣ ምን ላድርግላችሁ ብሎ ለሚስቱ ኦቾሎኒ ገዝቶ ሄደ። ቀጥሎ የኩባንያው ጠበቃ ከረባቱን እንዳሰረ በዚያ ሙቀት ደረሰ። ራንስ መሬቱን ሲቀበል የፈረመውን ውል አውጥቶ አነበበለት፦ የቦርድ አባሉ ከወንበሩ ሲነሣ መሬቱን በወንበሩ ለሚተካው ሰው ያስረክባል ይላል።

«ስለዚህ አስረክብ» አለው።

«ለማን?» አለው ራንስ።

«ለሚተካህ የቦርድ አባል ነዋ።»

«እሺ፣ ጥራልኝ» አለው ራንስ። «እኔም አንድ ጊዜ ላየው ፈልጌ ነበር።»

ጠበቃው ውሉን እንደገና አነበበ። ከዚያ ለራሱ ብቻ እየመሰለው፣ እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩና እየሰማሁት፣ የፈረሰ ወንበር ማንም አይተካበትም አለ። ከዚያም አምስት ዶላሩን ከፍሎ ወጣ፤ ደረሰኝ ጠየቀ፣ በኦቾሎኒ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት።

ክቡር ሆይ፣ ያ ወንበር ቢኖር ኖሮ ኩባንያው በማግሥቱ ሌላ ሰው አስቀምጦበት መሬቱን ይወስደው ነበር። ያፈረሱልን እርስዎ ነዎት። የኩባንያው ሰዎች በፍርድ ቤት እንከራከራለን ብለዋል፤ ይከራከሩ፣ በነፃ አገር ነው ያለነው፣ እርስዎ ራስዎ በሬዲዮ ብለዋል። እስከዚያው ድረስ የዘንድሮ ግብሬን ከፍያለሁ። የኢላዲዮም ተከፍሏል፤ የፓስተሩንም ጀምረናል። ኢላዲዮ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ገመዱን የሚይዘው እርሱ ነው፤ ሚስቱም ዓሣ ጠብሳ ታመጣለታለች፣ ትኩሱን።

ለኩባንያው የቤት ግዢ ደብዳቤም መልስ ሰጥቻለሁ፦ ቤቱ አይሸጥም፣ መውጫው ግን ክፍት ነው።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ጊዜዎን አልሻማም። ለቀጣዩ ምርጫ ነጭዋ ፈረስ በደህና ከጋጣ እንድትወጣልዎ፣ ፀሐይም በቀስታ እንድታልፍብዎ፣ ሕዝብን ነፃ ለማውጣት በሚነሡበት ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ ዋጋውን የሚጠይቅ ሰው ከአጠገብዎ እንዳይጠፋ፣ እርሱም ዓሣው እንዳይቀዘቅዝበት ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የአምስት ፎቅ መኪና ማቆሚያ፣ የአንድ ፍሳሽ ማጣሪያና የአንድ ቤት ባለድርሻ፣
ቨርዲ ማክሌንደን
ሎክሳ ሐይቅ ዳር፣ ከጉቶው አጠገብ

ማስታወሻ፦ ባርኔጣዎ አልጠፋም። አልቀበልም ብለው በሩን ሲዘጉበት ራንስ ቤቱ ወስዶ አስቀምጦት ነበር። አሁን ከገመዱ ጎን ጉቶው ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ገንዘቡን የምንሰበስበው በእርሱ ነው። ሊወስዱት ቢመጡ ደስ ይለናል፤ መግቢያው ሠላሳ ነው፣ እርሱ የኩባንያው ነው፤ መውጫው አምስት ነው፣ እርሱ የእኛ ነው፣ ለሴናተርም ቅናሽ የለም።