አካውንቴን ከማጥፋትህ በፊት

የአክስቴ ልጅ፣

ኮምፒውተሩን ሳትነካ ይህን አንብብ። ማንበብ እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ስህተት ሲመጣ እንኳ መስኮቱን ዘግተህ «ተበላሸ» ነው የምትለው።

«ብቻዬን ሠራሁት» እያልክ የምታወራለት የክሊኒኩ የቀጠሮ ገጽ የቆመው ጃንጎ በሚባለው ፍሬምወርክ፣ ማለትም በተዘጋጀ የድረ ገጽ መሥሪያ መሠረት ላይ ነው። እሱን የጫንኩት ደግሞ በዚህ ኮምፒውተርህ ላይ በከፈትኩት በእኔ አካውንት ሥር ነበር። ገጽህ እስከ ዛሬ የኖረው ከእኔ ፎልደር እየተበደረ ነው።

ትናንት ለወንድምህ በስልክ «ባሕር ማዶ ተምሮ መጥቶ ሶፋዬ ላይ ተጋደመ» ስትል ሰማሁ።
ስልኩን ስትዘጋ እኔም የመለስኩልህ ነገር...
እሱ ይቆየን።

ዛሬ ከቤትህ ስወጣ፣ ገና ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ አካውንቴን እንደምታጠፋው አላጣሁትም። ስለዚህ ጃንጎንና ገጹ የሚጠቀምባቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች ከእኔ ፎልደር አውጥቼ ሁሉም ተጠቃሚ በሚደርስበት የጋራ ፎልደር አስቀመጥኳቸው። አድራሻቸውን ገጹ የተጻፈበት ቋንቋ ፓይተን ሲነሳ በሚያነበው የሲስተሙ ፋይል ላይ በአንድ መስመር ጻፍኩ። ከየትኛውም አካውንት ብትጠራቸው ይመጣሉ። ያንን ፋይል አትንካው። እጅህን ካሳከከህ የሶፋውን እግር ጠግን።

በአንተ አካውንት ገብቼ ሞክሬዋለሁ። የይለፍ ቃልህ ዛሬም ስልክ ቁጥርህ ነው፣ ጎበዝ።

ወዴት እንደምሄድ ገና አላወቅኩም። የቤትህ ቁልፍ መስኮቱ ላይ አለ።

ነገ የክሊኒኩ ሰዎች ገጹን ሊያዩ ሲመጡ ይከፈታል። አሁን አካውንቴን አጥፋው፤ ምንም አይጎድልብህም።