መንኮራኩራችንን በደብዳቤ ላገዱት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ ጤንነትዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎችዎ የረዘመ እንዲሆን በታላቅ ትሕትና እመኛለሁ። እኔ በምድር ቤቱ ራጅ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ያገለገልኩ ባለሙያ ነኝ። በየስብሰባው «ያቺ የጨረቃዋ ሴትዮ» እያሉ ስለሚጠሩኝ ስሜን ጽፌ አላደክምዎትም። ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት፣ ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስቱ ቢሮዎ ሳይደርሱ ነፋስ ወስዷቸው ይሆናል ብዬ በቅንነት በማሰብ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከዓመታት በፊት ስለ አንዲት የጠፈር መንኮራኩር ሠራተኞች የሚተርክ ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ካፒቴኗ በረዶ በሸፈናት ጨረቃ ላይ ብቻዋን እንደቀረች ጣቢያው ድራማውን አቋረጠው። ይህ ያንገበገበን ሰዎች በኢንተርኔት አንድ ገጽ ከፈትን። የቀረውን ታሪክ ራሳችን እንጽፋለን፣ ሥዕል እንስላለን፣ እውነተኛ መንኮራኩር የሆነ ቦታ ባረፈ ቁጥር ደግሞ እንደ ሠርግ ቤት እንንጫጫለን። ስልሳ አንድ ነበርን። ይህ ነው እንግዲህ የእርስዎን ቢሮ ያናወጠው ሴራ።

ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፤ «የሆስፒታሉን ንብረት ለግል ጥቅም አውላለች» በማለትዎ። ብርሃን ገብቶበት የተበላሸ፣ የማንም ሰው አጥንት ያልታየበት የራጅ ፊልም ጥቁር ስለሆነ ለሰማይ ይመቻል። በመርፌ ስፍቀው ኮከብ ይወጣዋል። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት ይህ ፊልም ይጣል ነበር፤ አሁንም ይጣላል። በመካከሉ በእኔ እጅ ማለፉ ይህን ያህል ስላሳሰበዎት ለቆሻሻው ክብር ሲሉ ላሳዩት ትጋት አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ከገጻችን አንድ ምዕራፍ በማይክሮፎን ስላነበቡልን። የመንኮራኩሯ መካኒክ ለሐኪሟ ፍቅሩን የሚገልጥበትን ክፍል መርጠው፣ ድምፅዎን እያቅለሰለሱ፣ በየመስመሩ እየቆሙ አዳራሹን አሳቁ። ጽሑፉን የጻፉት የልብስ ንጽሕና ክፍል ኃላፊዋ እትዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታሉን አንሶላ ያጠቡ ሴት ናቸው። አላለቀሱም፤ የሹራባቸውን እጅጌ ወደ ታች ስበው ጣቶቻቸውን ሸፈኑ። ሲወጡ «እኔ እኮ ጥሩ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ጥሩ ነው የጻፉት፤ ያነባበብ ችግር ነው።

ሦስተኛ፤ ገጹ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ከሥራ እንደምሰናበት ስለጻፉልኝ። አጠፋሁት።

አራተኛው ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ከአባሎቻችን አንዱ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። የተዋወቅነው ለደረት ራጅ ሲመጡ ነው። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ሥዕል አይተው ደረታቸውን ማሽኑ ላይ እንዳስጠጉ «ልጄ፣ የዚህች ፕላኔት ቀለበት ወደዚያ አያጋድልም» አሉኝ። ትንፋሽ ይያዙ ብላቸው እንኳ በጣታቸው አቅጣጫውን ያሳዩኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው ለአራት ሰዓት ያህል፣ ግራ ክንዳቸው በኩላሊት እጥበት ማሽኑ ተይዞ በቀኝ አውራ ጣታቸው ስልካቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ካፒቴኗን ወደ ቤቷ የመመለሱን ሥራ የያዙት እርሳቸው ናቸው። ነዳጁን፣ ርቀቱን፣ የበረዶውን ውፍረት ሳያሰሉ አንድ እርምጃ አያስኬዷትም። እትዬ «ኧረ መምህር፣ ትንሽ ትፍጠን» ሲሏቸው «ቸኩላ ከምትሞትብኝ ዘግይታ ትድረስ» ይሉ ነበር።

ገጹ መዘጋቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «ታዲያ ካፒቴኗን እዚያው ትተናት ልንሄድ ነው?» አሉኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አረፉ። በእርስዎ ደብዳቤ ሞቱ አልልም፤ ኩላሊታቸው ነው። ነገር ግን እነዚያን አሥራ ዘጠኝ ቀናት ጣሪያ ሲያዩ ነው ያሳለፏቸው።

ከቀብሩ በኋላ ባለቤታቸው ስልካቸውን ይዘው ምድር ቤት ድረስ መጡ። መምህሩ የጻፉትን ማታ ማታ ያነቡላቸው ነበር፤ በቀጥታ ገጹ ላይ ይጽፉ ስለነበር ግን ስልኩ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። «የጻፈውን ስጪኝ፤ መጨረሻ ላይ ምን እንዳደረጋት አልነገረኝም» አሉኝ። በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ ብዬ ለሐዘንተኛዋ ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለአንድ ዐረፍተ ነገር ልተወው፦ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፣ ያፈርኩትም በእርስዎ ሳይሆን በራሴ ፍርሃት ነው።

ይህን የሰማ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግን ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ እኚህ ሥራ አስኪያጅ ሳያትሙ አያምኑም፤ የዲሲፕሊን ፋይልሽን ጠይቂ» አለኝ። ለካ ገጹ ከመጥፋቱ በፊት ሙሉውን በማስረጃነት አሳትመው፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም ገጽ ፈርመው ማኅተም መትተውበታል። ቅጂ ስጠይቅዎት ምስጢር ነው አሉኝ፤ በማይክሮፎን የተነበበ ምስጢር። የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ተከሳሽ የተከሰሰበትን ማስረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንቡን ገልጦ ካሳየዎት በኋላ ግን፣ ብዕሩን ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭነው ፈርመው ፈቀዱ። ቁጣ ነው ብዬ አልጠረጠርኩም፤ የለጋስነት ስሜት መሆን አለበት።

አባሎቻችን ተከፋፍለው እንደገና ተየቡት። ብቻቸውን አርባ ገጽ የወሰዱት እትዬ ናቸው፤ ያን የፍቅር ምዕራፍም አንዲት ቃል ሳይቀንሱ መልሰውታል። የመምህሩ የመጨረሻ ክፍል የሚያልቀው ካፒቴኗ ከአድማሱ በላይ አንዲት ብርሃን አይታ፣ ኮከብ ትሁን መንኮራኩር ሳትለይ እንደቆመች ነው። ባለቤታቸው መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ «ይሄማ ሊወስዷት እየመጡ ነው። ባሌን አውቀዋለሁ፤ ሰው ትቶ አይሄድም። እኔ እጨርሰዋለሁ» አሉ። በዕድሜያቸው ከደብዳቤ በቀር ጽፈው አያውቁም። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው፤ ካፒቴኗ ግን ቤቷ ገብታለች። ገጹም ከቤቴ፣ በራሴ ስልክና በራሴ ሰዓት ተከፍቷል። እትዬ በማይክሮፎን የተነበቡ ብቸኛዋ ደራሲያችን ስለሆኑ አዳዲስ አባላት በአክብሮት ነው የሚያነጋግሯቸው።

ስለዚህ እትዬን በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክሮፎን ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ማስጠንቀቂያዬም ከፋይሌ እንዲነሣ እጠይቃለሁ። ካልሆነም ሥራዬን በፈቃዴ አልለቅም፤ ነገም ጠዋት ምድር ቤት ነኝ።

ሥነ ጽሑፍን ሊያጠፉ ተነሥተው በመንግሥት ወረቀት ላሳተሙልን ውለታዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በማኅተምዎ ብዛት የምኮራ፣

የራጅ ክፍል ባለሙያዋ

ማስታወሻ፦ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ የተከሰስኩት «ስለ ሕዋስ ምርምር ጽሑፎችን በማሰራጨት» ነው። ለማለት የፈለጉት «ሕዋ» ይመስለኛል። ሕዋስ የሰው ገላ የተሠራበት ረቂቅ ነገር ነው፣ እርሱን መመርመርም እርስዎ የሚመሩት ሆስፒታል የቆመበት ሥራ ነው። ልዩነቱን የላብራቶሪ ባልደረቦቼ በደስታ ያስረዱዎታል፤ እነርሱንም በዚሁ ወንጀል ከማባረርዎ በፊት ብቻ ይጠይቋቸው።