የማይሰማው ከበሮ

ካንሳስ ሲቲ፣ ሚዙሪ
ሰኞ፣ ሜይ 22 ቀን 1939

ሆስፒታል አልጋ ላይ ተጋድሞ እንኳ ሰው ማስቸገር ላልተወው ለአባቴ ለኤልበርት ታራንት፤

እንዴት ሰነበትክ አባዬ? ሳሉ ትንሽ ተወህ? እኛ አለን። አክስቴ ቨርዲ ዛሬ ጠዋት ማማሰያ ይዛ እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ አባርራኛለች፤ ስለዚህ ጉልበቴን አሞኛል የምትለው ውሸት ነው።

ሚስ ጆርዴና፣ እናንተ ነርሶች እንዳይቀመጥ ስለከለከላችሁት ይህን የምታነቢለት አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትፍረጂብኝ። ትምህርት ቤትና እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስንለያይ አንዳችንም አላለቀስንም። አባዬ ዓይኑን ከጨፈነ ደግሞ ተኛ ብለሽ እንዳታቆሚ። እያታለለሽ ነው። ተንኮሉን ከማን የወረስኩት ይመስልሻል?

አባዬ፣ ያስጻፍከው ቃል ደርሶናል። «ቀዶ ጥገናው ይቅርብኝ። ጎድኔን ካወጡት ቀኝ ትከሻዬ ይወድቃል፣ እጄ ከደረቴ በላይ አይነሳም። ባለ አንድ እጅ ድራም መቺ የለም። ድራሙን ጠቅልለህ አስቀምጠው» ብለሃል። አክስቴ ይህን ስታነብ ምድጃው ላይ የጣደችው ጎመን አረረ፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶት እንኳ አልሰማችም። እኔም ሳላላግጥባት ድስቱን አውርጄ ፈተግኩት። አስበው፣ እኔ!

ዶክተሩ ለአክስቴ የነገራትን እሷ ለኔ ነግራኛለች። የታመመው ሳንባህ ተጣጥፎ እንዲያርፍ ጎድኑ መነሳት አለበት፤ አለዚያ የመጪውን ዓመት በረዶ አታይም። ቆራጩ ሐኪም ዓርብ ይመጣል። ካልፈረምክለት ዕቃውን ሰብስቦ ወደ መጣበት ይሄዳል፤ ሌላ ጊዜ መቼ እንደሚመለስ እንጃ።

አክስቴ እንዲህ ብለህ ጻፍለት አለችኝ፦ «ባንዱ ረስቶሃል፣ ወንበርህንም ሌላ ሰው ይዞታል በለው። ድራሙ ከሐሳቡ ሲወጣለት ነፍሱን ያስባል።» ጻፍኩ። «ያለ አንተም ባንዱ ጥሩ ይሄዳል፣ እንደ ውሃ ይፈሳል» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሳነበው አፈርኩ፤ ቀደድኩት። እኔ የምዋሸው ለጨዋታ ነው እንጂ በቁም ነገር መዋሸት አልችልበትም። ስለዚህ ትናንት የሆነውን እንዳለ ስማ፤ ተቆጣ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስማ።

ትናንት የእሁድ ከሰዓት ዳንስ ነበር። አንተ ከተኛህ ወዲህ አለቃ ክሪትስ አንዱን ድራም መቺ እያስመጣ፣ ሌላውን እያሰናበተ ነው ባንዱን የሚመራው። «ወንበሩ የኤልበርት ነው፤ እነዚህ ጠባቂዎች ናቸው» ይላል። ትናንት የሚጠበቀው ሰውዬ ሳይመጣ ቀረ። አለቃ እኛ ቤት ድረስ መጣና «አንተ ቀበጥ፣ የአባትህን ድራም ይዘህ ተከተለኝ። ጥርስህን ግን ግጠም» አለኝ። ከደስታዬ የተነሳ አክስቴን ሳምኳት። ወንበሩን ልጄ ይዞልኛል ብለህ ስታስብ ልብህ ያርፍና ትፈርማለህ ብዬ ነበር።

ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። ድራሙን ክፍት መኪና ላይ ጭነን ስለወሰድነው የእግሩ ከበሮ፣ ያ በፔዳል የሚመታው ትልቁ፣ ቆዳው እንደ አሮጊት ጉንጭ ተንዘላዝሎ ደረሰ። ትምህርትህን አልረሳሁም፤ የጥጃ ቆዳ ሲርስ መጀመሪያ ከበሮው ሆድ ውስጥ ያለውን አምፖል አብራ፣ ሞቆ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ብሎኑን የምታጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ግን አምፖሉ ከበሮው ፊት ላይ የተሳለውን ሐይቅና ታንኳ ለማሳመር የገባ ይመስለዋል።

እኔ ግን መጠበቂያ ጊዜ አልነበረኝም። ሥራ ነበረብኝ። ኦዴል ትራምፔቱን የሚያፍንባት ያቺ ክብ ባርኔጣ አለች አይደለች? ውስጧን ቁንዶ በርበሬ መነስነስ ነበረብኝ። ስለዚህ እርጥቡን ቆዳ ድምፁ እስኪያምር አጠበቅኩት፣ ከዚያ አምፖሉን አበራሁና ወደ በርበሬዬ ሄድኩ። አዎ፣ አዎ። ሚስ ጆርዴና፣ ፊቱን እያጨማደደ ከሆነ ውሃ ስጪው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ኦዴል ባርኔጣዋን ትራምፔቱ አፍ ላይ ገጥሞ ብቻውን ሊነፋ ሲነሳ አንዴ አስነጠሰው፤ ደገመው፤ ከዚያማ ሳክስፎኖቹን ሁሉ በየተራ ባረካቸው። በሳቅ ሞትኩ። እየሳቅኩ ሳለሁ ከእግሬ በታች ያለው ከበሮ ድምፁ እየቀጠነ መምጣቱን ጆሮዬ ነግሮኝ ነበር። ቆዳው እየደረቀ፣ እየተኮማተረ ነው። ጎንበስ ብዬ ብሎኑን ማላላት ሲገባኝ ጠንክሬ ረገጥኩት።

ተተረተረ። የፔዳሉ መቺ በቀዳዳው ገብቶ አምፖሉን ሰበረው፤ ሐይቁም ታንኳውም በሰው ሁሉ ፊት ድርግም አሉ።

እኔ ምን አልኩ መሰለህ? «ግድ የለም፣ ይህን ከበሮ ድሮስ ማን ይሰማዋል? እጄ አለልኝ!» አልኩ። እውነቴን ነው፤ አንተ ስትመታው ከአጠገብህ ካልተቀመጡ አይሰማም። ስለዚህ ትንሹን ከበሮ አንጎዳጎድኩት፣ ሲምባሎቹን እንደ ድስት ክዳን አንኳኳሁ፣ ዱላ ወደ ላይ ወርውሬ ቀለብኩ። ሰው ያጨበጭብልኛል ብዬ ስጠብቅ ባስ የሚጫወተው ዊሊስ ዞሮ አየኝ፤ ደረጃ አለ ብሎ ሲረግጥ ባዶ እንዳገኘ ሰው። ትራምፔቶቹ ምቱን ጥለው ወደ ፊት ሮጡ። ሳክስፎኖቹ ወደ ኋላ ቀሩ። አንዲት አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ወፍራም ሴት መሐል ላይ ቆመችና ጫማዋን ተመለከተች፤ ጫማው የከዳት መስሏት። ከዚያ አንዱ የአንዱን እግር እየረገጠ፣ ይቅርታ እየተባባለ፣ ሁሉም ወደ ግድግዳው ሸሸ። ምን እንደጎደለ ማንም አላወቀም።

አለቃ እጁን አንስቶ ባንዱን አስቆመ። ወደ እኔ መጣ።

«ምንድን ነው የቀረው?» አለኝ።

«የእግሩ ከበሮ ተቀደደ፣ አለቃ።»

«የተቀደደውንማ አየሁ። የቀረው ምንድን ነው ነው ያልኩህ!»

ዊሊስ ከባሱ ጀርባ ሆኖ «ኤልበርት ነዋ የቀረው» አለ።

ኦዴል አፍንጫው ቀልቶ፣ እንባው እየፈሰሰ፣ «እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን በራሴ እግር የቆምኩ መስሎኝ!» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እኔም።

አለቃ ትልቁን የልብስ ሻንጣውን አምጥቶ ከፔዳሉ ፊት ገተረው። ከዚያ መዳፉን ዘረጋ። «የቀኝ እጅህን ዱላ ወዲህ በል።»

«ምነው አለቃ?»

«ጌጥ አበዛህበት። ቀኝ እጅህን ጭንህ ላይ አስቀምጥና ሻንጣውን በእግርህ ዳብሰው። አትምታው። አባትህ ሲመታ አይተህ ታውቃለህ? ይዳብስ ነበር።»

እንደተገረፈ ልጅ ሁሉ ጆሮዬ ጋለ። ኦዴል በርበሬውን ያወቀብኝ ያኔ ነው፤ «እግዜር ፈረደ» አለኝ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በእግሬ መዳበስ ጀመርኩ፤ በግራ እጄ ትንሹን ከበሮ ነካ፣ በግራ እግሬ ጥንዶቹን ሲምባሎች ጨብጨብ። ዊሊስ ጭንቅላቱን መነቅነቅ ጀመረ። ትራምፔቶቹ ወደ ምቱ ተመለሱ። ባለ አረንጓዴ ቀሚሷ ጫማዋን ይቅር አለችው መሰለኝ፣ ሰውዬዋን እየጎተተች መሐል ገባች። ከዚያ ወለሉ ሞላ። እስከ መጨረሻው እንደዚያው ጨረስነው።

አባዬ፣ እስቲ አሁን ሚስ ጆርዴና ከላይ ያለውን ትድገምልህ። ቀኝ እጄ ጭኔ ላይ ነበር! እኔ ራሴ የገባኝ ዛሬ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው። ሳሙናዬን ጥዬ ሮጥኩ። ቀኝ ክንዴን በአክስቴ ሽርጥ ከጎኔ ጋር ጥፍር አድርጌ አሰርኩ፣ ትልቁን ሲምባል ከወገብ ዝቅ አድርጌ ወደ ግራ አዞርኩት፣ የተቀደደውን ከበሮ ትቼ የዱቄቱን ሣጥን ፔዳሉ ፊት አቆምኩ። ይሄዳል! ያነክሳል እንጂ ይሄዳል። ማማሰያው የመጣው በዱቄቱ ምክንያት ነው።

ልዋሽህ አልፈልግም። እንደ ድሮው አይሆንም። ያ እንደ ዝናብ የሚወርደው አመታትህ አይመለስም፤ መጨረሻ ላይ ሲምባሉን አንድ ጊዜ መትተህ በጣትህ ይዘህ ዝም የምታሰኘውም ይቀራል። ትናደዳለህ፣ ዱላ ትወረውርብኛለህ፣ በግራህ ስለሆነ ትስተኛለህ። ቀኝ እጅ የግድ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ እኔ ከጎንህ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቀኝ እጅህ እሆናለሁ። ሁለት ሰው በአንድ ድራም! ሰው ይስቅብናል። ይሳቅ፤ እኔ እንደሆንኩ ለምጄዋለሁ። ግን ያ ሰውዬ ዓርብ የሚቆርጠው ጎድን ነው። እግርህ ዘንድ አይደርስም።

ዊሊስ ዛሬ ለተቀደደው ከበሮ አዲስ ቆዳ ይዞ መጥቶ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎልኛል። አለቃ ደግሞ «ወንበሩ ይጠብቃል በለው» ብሎኛል፤ ኮፍያውን አውልቆ ጥቂት ቆሞ ሄደ። ሰው ቤት ሲመጣ ኮፍያውን እንደዚያ የሚያወልቀው ልቅሶ ሲደርስ እንደሆነ ታውቃለህ። አልወደድኩለትም።

አባዬ፣ ማላገጥ ደክሞኛል። የአክስቴን መነጽር ደበቅኩ፣ የስኳሩ ዕቃ ውስጥ ጨው ሞላሁ፣ የዶሮዎቹን እግር በሰማያዊ ቀለም ቀባሁ። አክስቴ ትስቃለች፤ ስትስቅ ግን ወደ ክፍልህ በር ታያለች። «ሩፈስ! አንተ የሰይጣን ጆሮ ቁራጭ!» ብሎ በዚያ ድምፅ የሚጮህብኝ ሰው የለም። ተንኮል ያለ ተቆጪ ምን ዋጋ አለው? አልጋህን አልነካነውም። አንሶላህን አክስቴ በየሳምንቱ ታጥበዋለች፤ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ።

ፈርም። ስለ ድራሙ አይደለም፤ ድራሙን ከፈለግህ ለኦዴል ስጠው፣ ከፈለግህ ማገዶ አድርገው፣ መቼም አትመታም ብትለኝም አልመታም። ቁጭ ብለህ ብቻ ስደበኝ። እኔ ገና የምሰደብበት ብዙ ነገር አለኝ፤ ግማሹን አልሠራሁትም።

እግዚአብሔር እስትንፋስህን ያስፋልህ። ሳንባህን ያሳርፍልህ፣ የቆራጩን እጅ ያጽናለት፣ ሚስ ጆርዴናንም ደግ ባል ይስጣት። አክስቴ ስማሃለች፤ እኔም፣ ለማንም እንዳትነግር እንጂ።

እምቢ ካልክ ግን በደብዳቤ አልቀበልህም። በእግርህ መጥተህ፣ ደጃፋችን ላይ ቆመህ፣ ፊት ለፊት ንገረኝ።

ልጅህ
ሩፈስ