መምህርት ይመኙሽ ዳኛውና እድሩ ያልተቀበለው ትዳራቸው

መምህርት ይመኙሽ ዳኛው ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአባታቸው ከአቶ ዳኛው ኃይለ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል በወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ ተወለዱ። ሰዓቱ እንዲህ ተለይቶ የታወቀው ዕለቱ የሚካኤል በዓል በመሆኑና አባታቸው ከማኅሌት ተጠርተው በመምጣታቸው ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃን በጎንደር አጠናቀዋል። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በ1975 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩ ሲሆን፣ በኋላም የሥነ ዜጋ ትምህርት ሲጀመር ለማስተማር ፈቃደኛ ከሆኑት ቀዳሚዋ ነበሩ። ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን የሚደነግገውን አንቀጽ ተማሪዎቻቸውን በቃል አያስጠኑም ነበር፤ ከሰፈራቸው ምሳሌ እንዲያመጡ ያዟቸው ነበር እንጂ።

በ1985 ዓ.ም. ለአንዲት ተማሪ የደንብ ልብስ ሊያሰፉ ጎንደር ፒያሳ በወረዱበት ወቅት ከልብስ ሰፊዋ ከወይዘሮ እናኑ ጋር ተዋወቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቁስቋም አካባቢ ቤት ይዘው አብረው መኖር ጀመሩ። ኑሯቸው የጓደኛ ኑሮ አልነበረም፤ ተዋደው፣ ጎጆ ወጥተው፣ እንደ ማንኛውም ባለትዳር ተኳርፈውና ታርቀው ኖረዋል። የአገሪቱ ሕግ ይህን ትዳር ብሎ አይጠራውም፤ ይልቁንም ይቀጣበታል። መምህርት ይመኙሽ ግን «ስሞት ጓደኛዋ ነበረች ተብሎ እንዳይነበብብኝ» ሲሉ አደራ ሰጥተዋል። ወይዘሮ እናኑም ይህ እንዲነበብ ዛሬ ጠዋት ፈቅደዋል።

በሰፈሩ እድር ደንብ ከአንድ ቤት የሚመዘገበው አንድ አባል ነው። አባልዋ መምህርት ይመኙሽ ስለነበሩ ወይዘሮ እናኑ ደባል ተብለው ተቆጠሩ። በ2002 ዓ.ም. የወይዘሮ እናኑ እናት ሲያርፉ እድሩ ድንኳን አላወጣም፤ ለደባል እናት አይወጣምና። መምህርት ይመኙሽ በማግስቱ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «አማቴ ሞታብኛለች፤ ለአማት ድንኳን ይወጣል» አሉ።

የእድሩ ሊቀመንበር አያ ተክለ ጊዮርጊስ ሣቁ። «ምነው መምህርት! ባል ሳይኖርሽ አማት ከየት አመጣሽ?»

«ከእናኑ ነዋ፣ አያ! ምነው፣ እናት የላትም ብለው ነበር?»

ቤቱ በሣቅ ሞላ። መምህርት ይመኙሽ አልሣቁም። ሣቁ እስኪበርድ ቆመው ጠበቁና፣ የተናገሩት ቀልድ አለመሆኑን በተረጋጋ ድምፅ አስረዱ። ከዚያን ዕለት ወዲህ ሰላምታ የነፈጓቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ወላጆችም አቤቱታ በማቅረባቸው ከክፍል ወጥተው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲሠሩ ተደረገ። ሆኖም ወይዘሮ እናኑ እንደ ትዳር ጓደኛ እንዲቆጠሩላቸው በየዓመቱ ጉባኤ ጥያቄያቸውን ማቅረባቸውን አልተዉም። «የምጠይቃችሁ ውለታ አይደለም» ይሉ ነበር፤ «እናንተ ሚስቶቻችሁን ስትቀብሩ ማንም ምናችሁ ናት ብሎ አይጠይቃችሁም፤ እኛም እንዳንጠየቅ ነው።» የሚሰጣቸው መልስ ሁልጊዜ «ለከርሞ ይታይ» የሚል ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የጡት ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። ለቀዶ ሕክምናው ዘመድ መፈረም ነበረበት። የወይዘሮ እናኑ ፊርማ ባለመቆጠሩ፣ ወንድማቸው አቶ ሰውአገኝ ከአምባ ጊዮርጊስ እስኪደርሱ ሕክምናው ዘገየ። አቶ ሰውአገኝ የእርሻ ጭቃ ከእግራቸው ሳይታጠብ ገብተው ፈረሙና ወደ ወይዘሮ እናኑ እያመለከቱ ነርሷን «ምነው እኔን ጠበቃችሁ? ስትታመም አብራት የምታድረው፣ የምትበላውንና የማትበላውን የምታውቀው ይችው አይደለችም?» አሏት። ነርሷ ደንቡ መሆኑን ነገረቻቸው። አቶ ሰውአገኝ የእኅታቸውን ኑሮ እስከዚያን ቀን ደግፈውም ነቅፈውም ተናግረው አያውቁም ነበር።

መምህርት ይመኙሽ በሕመማቸው ወቅትም ጋዜጣ ማንበብና ከሐኪሞቻቸው ጋር መከራከር አላቆሙም። የመጨረሻዎቹን ወራት ወይዘሮ እናኑ የስፌት መኪናቸውን ከፒያሳ ወደ ቤት አምጥተው ከአልጋቸው አጠገብ እየሠሩ አስታመሟቸው። ዐርብ፣ ጥር 25 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መምህርት ይመኙሽ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወንድማቸውን አቶ ሰውአገኝን፣ የወንድም ልጆቻቸውን፣ በርካታ ተማሪዎቻቸውንና የትዳር ጓደኛቸውን ወይዘሮ እናኑን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ይቀበል፤ የሕመማቸውን ዘመን በዕረፍት ይካስ።

በእድሩ ልማድ ቤተሰብን ወደ ሬሳ ሳጥኑ የሚጠራው ሊቀመንበሩ ነው። ዛሬ አቶ ሰውአገኝና ልጆቻቸው ተጠርተዋል። ወይዘሮ እናኑ ከጎረቤት ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አጠገብ ቆመዋል። ቤተሰቡ እሳቸውም አብረው እንዲጠሩ ትናንት ማታ ጠይቆ መልስ አላገኘም፤ አሁን ሳጥኑ ከመውረዱ በፊት በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ደግሞ ይጠይቃል። አያ ተክለ ጊዮርጊስ፣ እባክዎ ወይዘሮ እናኑን ይጥሯቸው።