ከቴንደሩ የተቀዳ ውሃ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ሙቀት። አትባራ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። ያን አሮጌ ቴንደር ዛሬ ጠግነን ጨረስነው። ነገ ማታ ነጂው ባቢከር፣ የሚስቴ ወንድም፣ በረሃውን ይዞት ያቋርጣል።

እራት ላይ ነፊሳ፣ «ጠዋት ቴንደር፣ ማታ ቴንደር... ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። የባቡሩ ስንቅ ነው አልኳት፤ ከሰሉንና ውሃውን ይዞ ከኋላው የሚጎተት። «እንግዲያው እኔም ላንተ ቴንደር ነኛ!» እሷም ወንድሟም ምላሳቸው አያርፍም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 15

እንግሊዙ አለቃ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። ቴንደሩን ፎቶ ሊያስነሳ! እንግሊዞች አገሩን ሊይዙ የመጡ ጊዜ ለጦሩ ውሃ ተሸክሞ በረሃውን የተሻገረ ነው ይላሉ። ያኔ ባለ ስድስት ጎማ ትንሽዬ ጋን ነበር። ኋላ አስረዘሙት፤ ስምንት ጎማ አደረጉለት። ፊቱ በጥንት ምስማር እንደተመታ ነው፤ ጀርባውን የበየድኩት እኔ ነኝ። አለቃው ከቴንደሩ ጎን አቆመኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ? ከዚያ ሻይ ጋበዙን።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 17

ነፊሳ ልብስ ልታጥብ ኪሴን ፈተሸች። «ይሄ ቀይ ጨርቅ የማን ነው? ሌላ ሴት ያዝክ እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የቴንደሩ ጋን ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ፣ ያን ሥጋ የሚያቃጥል ዱቄት፣ ጨምሬያለሁ። ውሃው የሚፈላበት ቦይለር ላይ ጨው እንዳይጋገር። ሶዳ የገባ ቀን በኋላ በኩል ያለው ቧንቧ ላይ ቀይ ጨርቅ እናስራለን፣ «አይጠጣም» ለማለት። እንግሊዞቹ ይህን አያውቁም። ከቴንደር ለሰው ውሃ መስጠት ክልክል ነዋ። ግን የበረሃው ጣቢያ ሰዎች ጉድጓድ የላቸውም፤ የውሃው ባቡር ሲዘገይባቸው ነጂዎቻችን ከቧንቧው ይቀዱላቸዋል። ጨርቅ ካዩ አይቀዱም። ስንት ዘመን እንዲህ ተኖረ።

ፎቶ አንሺው «ያ ቡትቶ ምንድን ነው?» ሲል ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። አለቃው ነገሩን እንዳይነቃብን ብዬ... አይ። ቴንደሬ እንዲያምር ነው። ከሻይ በኋላ ረሳሁት።

ቴሌግራፍ ቤት ድረስ ሄድኩ። ምን ብዬ ላስመታ? የሚመታውን ሁሉ አለቃው ያየዋል። በር ላይ ቆምኩ... ተመለስኩ። ምናልባት ውሃ አልጠየቁ ይሆናል። ምናልባት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 18

መስጊድ ሄድኩ። ኢማሙ ምን እንዳለ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 19

ወሬው ደረሰ። ሰባተኛ ጣቢያ። የሐዲድ ጠባቂው የኢድሪስ እናት፣ ሐጃ በኽይታ። አፏና ጉሮሮዋ ተቃጥሏል፤ ደም ታስመልሳለች። ትተርፍ እንደሆን አልታወቀም።

ጋኑ ውስጥ ውሃው እንዳይንቦጫረቅ የሚከፍሉት የብረት ግድግዳዎች አሉ። ሶዳውን ያፈሰስኩት በኋለኛው አፍ ነው። መንገድ ላይ ውሃ ቢጨመርበትም ከግድግዳው ኋላ ያለው ቶሎ አይቀላቀልም፤ ድፍርሱ ከታች፣ ቧንቧው ጋ ይቀራል። ይህን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ግድግዳዎቹን ያስገባሁ እኔ!

ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። ባቢከር የቀዳላቸው ረቡዕ ነው። በቤታቸው ጥቂት ውሃ ስለነበረ እንስራው ተከድኖ አደረ። አሮጊቷ ከሱ የጠጣችው ሐሙስ ማታ ነው።

ሐሙስ ማታ! እኔ ከቴሌግራፍ ቤት በር የተመለስኩት ቀትር ላይ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 22

ለሰው ውሃ ሰጥተሃል ብለው ባቢከርን ከበረሃው መስመር አነሱት። ከዛሬ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ባዶ ፉርጎ ይገፋል። ነፊሳ «ወንድሜ ለሰው ባዘነ?» ብላ ስታለቅስ ዋለች። ያቀረበችልኝን ኪስራ፣ የማሽላ ቂጣውን፣ አልቀመስኩም። ተነስቼ ባቢከር ቤት ሄድኩ።

«ጨርቁን የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ካንተ በቀር ማን ይነካዋል?»

«ነገ ለአለቃው እነግረዋለሁ።»

«አብደሃል እንዴ አንተ ሰው? ጨርቅ ብለህ አፍህን የከፈትክ ዕለት፣ የሁሉንም ቴንደር ቧንቧ በቁልፍ ይቆልፉታል። ከዚያስ? እነ ሐጃ አሸዋ ይጠጡ? እኔ ለአለቃው አንድ ቀን አዝኜ ሰጠሁ ብያለሁ። አንድ ቀን። አለቀ።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«ዝም በል። ዝምታ እንደሆነ አይከብድህም። ቴሌግራፈኛው ሐሙስ ዕለት በሩ ላይ ቆመህ አይቶሃል።»

እስከ ደጅ እንኳ አልሸኘኝም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ተርፋለች አሉ። አልሐምዱሊላህ። ማታ ነፊሳ ወንድሟን ስታማርር ሰማሁ... «ጅል ነው» ትለዋለች። ዝም አልኩ። እውነትም አይከብድም? ይከብዳል።

እሑድ፣ ግንቦት 4

ቴንደሩን መንገድ ላይ ልፈትሽ ብዬ አለቃውን አስፈቀድኩና ተሳፈርኩ።

ሰባተኛ ጣቢያ። ሌላ ጊዜ ባቡር ሲቆም እንስራ ይዘው ይሮጡ ነበር። ዛሬ ማንም አልወጣም። ሐጃ በኽይታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ድምጿ ሻክሮ በግድ ነው የሚሰማው። አሸዋው ላይ ተንበርክኬ ነገርኳት። ፎቶውን፣ ጨርቁን፣ የቴሌግራፍ ቤቱን በር። ባቢከር አላጠፋም አልኳት። አንዳች አልደበቅኩም።

አልተቆጣችም። ከዚያ ልጇን ተደግፋ ተነሳችና ቴንደሩ ጋ ሄደች። ቧንቧውን ከፈተች፤ ጣሳ ሞልታ ዘረጋችልኝ።

«አንተ ቅደም፣ ልጄ።»

ጠጣሁ። ዝገት ዝገት ይላል እንጂ ንጹሕ ነው። እስክጨርስ ዓይኗን ከጉሮሮዬ አልነቀለችም። ጣሳውን ተቀብላኝ ቆየች። እስክወድቅ ትጠብቅ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ኢድሪስ እንስራውን አቀረበ።

«ሐጃ፣ አላህ ይቅር እንዲለኝ ለምኚልኝ» አልኳት።

«እለምንልሃለሁ» አለች። «በሚቀጥለው ባቡር የሚመጣውንስ ማን ይቀምስልናል?»

ፊሽካው ተነፋ። ተሳፈርኩ።